የነመራ አራተኛ ጥንቸል

ነመራ ጉሉማ የአርጆ ልጅ ነው። እኔ ድርቤ እባላለሁ። ነቀምቴ እሱ በሚሠራበት የሆስፒታል ላብራቶሪ ወለል እጠርግ ነበር፤ ጥንቸሎቹንም የማበላቸው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ብሳሳት አትፍረዱብኝ።

ነመራ ተማሪ ሳለ እናቱ በጡት ካንሰር ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ላብራቶሪ ተምሮ እኛ ዘንድ ሲመደብ ቀን ቀን የበሽተኛ ደም ያያል፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ጓሮ ስድስት ጥንቸል ያረባል። ሐኪሞች ቆርጠው ካወጡት እብጠት ወስዶ፣ አዘጋጅቶ ይወጋቸዋል። ሲሰነብት ከጆሯቸው ደም ይቀዳና ጠርሙሱን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ምርምር ቤት ይልካል።

«ኦቦ ነመራ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ደማቸው ዘበኛ ያወጣል፣ ድርቤ። እንግዳ ሥጋ ሲያገኝ የሚይዝ። የአምስቱ ዘበኛ ጤነኛውንም በሽተኛውንም አንድ ላይ ያፍሳል፤ ልክ እንደ ቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ። የአራተኛዋ ግን ካንሰሩን ለይቶ ነው የሚይዝ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ ይቀለዳል እንዴ? ሊፈትነኝ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

ለቀበሌ የነገረው ለምግብ የማረባቸው ናቸው ብሎ ነው። ሰፈራችን ጨለለቂ ውስጥ ደግሞ ጥንቸል የሚበላ ሰው አይታወቅም። ደም ይሸጣል ያለ አለ፤ በጠርሙሱ መልእክት ይልካል ያለም አለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስቼ አይቻለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሽብሩ አስጠራኝ።

«ጓድ ድርቤ፣ ይበላቸዋል?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ይወቅ?»

«አይበላም... አንዷን እንዲያውም በጣም ይሳሳላታል» አልኩ። ከአፌ ወጣ።

ወሩ ሳይሞላ ነመራ አዲስ አበባ ለምርምር ተፈለገ፤ አራተኛዋን ይዞ እንዲመጣ። ለመሄድ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ግድ ነው። እሑድ በስብሰባው ላይ ሽብሩ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ አኖረና፣

«ለምግብ ነው ብለኸን ነበር። እንግዲህ እዚሁ ብላልን፤ ያቺን የምትሳሳላትን። ድርቤ፣ ሂጂ አምጪ» አለ።

ነመራ ፊቱ አመድ መሰለ። የስምንት ወር ልፋቱ ያቺው ናት። እምቢ ቢል ውሸታም ሊባል ነው፤ ያኔ ደብዳቤው ቀርቶ መታሰርም አለ።

ጓሮ ሄጄ ቆምኩ። ስድስቱም አንድ ዓይነት አመድማ ናቸው፤ የሚለዩት ጆሯቸው ላይ በተቆረጠው ምልክት ብቻ ነው። ይህ ሰው እውነት የሚያወራ ከሆነስ? ካልሆነስ? ያኔ አላወቅሁም። እጄ ግን ሁለተኛዋን አነሳ።

ነመራ ተቀበለኝ። ጆሮዋን ዳሰሰ፤ ቀና ብሎ አየኝ። አርዶ፣ ፍም ላይ ጠብሶ፣ መቶ ሰው እያየው በላ።

«እፍ! ጨው ይጨመርልህ ወይ?» አለች አንዷ።

«እግሩን ለጓድ ሊቀመንበር አስቀርለት!» አለ ከኋላ አንዱ። ሽብሩ ዞር ሲል ተናጋሪው ሰው መሀል ተሸጎጠ።

ደብዳቤው ላይ ማኅተሙ ተመታ።

በማግስቱ ነመራ አራተኛዋን ቅርጫት ውስጥ ሲያስገባ ላግዘው ጠጋ አልኩ።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ድርቤ። አራተኛዋን ለይተሽ እንደምታውቂያት አላውቅም ነበር» አለ።

«ጎመን የምሰጣቸው እኔ አይደለሁ?»

«እሱስ ነው። ሽብሩስ እንደምሳሳላት ከማን ሰማ?»

መሬት መሬቱን አየሁ። ያን ቀን «ከእኔ ነው» ብለው ኖሮ እላለሁ አሁን።

ቅርጫቱን እኔ ከቆምኩበት ወደ ሌላ እጁ አዛወረና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። የአራተኛዋ ደም እዚያም ካንሰሩን ለይቶ መያዙን፣ እሱም በዚያው ምርምር መቅረቱን ከሌሎች ሠራተኞች ሰማሁ። ለእነሱ ይጽፍላቸዋል።