የወንጪ ባሕር ዳርቻ

አምቦ ውስጥ በሆቴል አስተናጋጅነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጭ ኮት ሰጡኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይውጥ ነበር። የአስተናጋጆቹ አለቃ «ትሪውን በመዳፍህ ያዝ፣ ዓይንህን ከእንግዳው አታንሳ» አለኝ። ዓይኔን ከእንግዳው ሳላነሳ ደረጃው መኖሩን ረሳሁ። ሾርባው ተደፋ፣ እኔም ተከተልኩት። እንደዚያም ሆኖ አላባረሩኝም።

ዓመታት አልፈው፣ በደርግ ዘመን፣ የጉዞ መስተንግዶ ኃላፊ ሆንኩ። እንግዳ ከሆቴል ወጥቶ ሲዝናና ምሳውንም፣ ፈረሱንም፣ ታንኳውንም የማሰናዳው እኔ ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ግርማ ይባላል። ቡልጋርያ ሄዶ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ አሠራር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ባሕር ሳያወራ ምሳ አይበላም። «ምጽዋ ጦርነት ነው፣ አይሞከርም። ወንጪ ሐይቅ እዚህ አጠገባችን ተኝቶ ምን እንጠብቃለን?» አለን። የሸራ ወንበርና ትልልቅ የፀሐይ ጥላ አሠራ። አናጢው «ጓድ፣ ወንጪ ብርድ ነው እኮ፤ ፀሐዩን ከየት ሊያመጡት ነው?» ቢለው፣ «ፀሐዩ የእኔ ኃላፊነት ነው፣ አንተ እንጨቱን ላግ» አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እወደው ነበር።

ላንድሮቨሩ እስከ ተራራው አፋፍ ይወጣል። ከዚያ እንግዳው በፈረስ ይወርዳል። ውሃው ዳር ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፈን እናበላዋለን፤ ከምሳ በኋላ በታንኳ ወደ ደሴቱ ገዳም ይሻገራል። ፈረሱም ታንኳውም የአካባቢው ገበሬዎች ነው። ተራ የሚያወጡላቸው ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። እኔን ሲያዩ «አካም፣ አንተ ገበታ ተሸካሚ» ይሉኛል። ኃላፊ ሆኛለሁ ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

አንድ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች መጡ። ከእነሱ በፊት የነበሩት እንግዶች ዝናብ ይዟቸው ሳይሻገሩ ተመልሰው ስለነበር፣ አዲስ አበባ ያሉት የበላዮቻችን የወንጪን ጉዞ ለመዝጋት ሰበብ ይፈልጉ ነበር። ጓድ ግርማ ጠራኝና «እነዚህ ካልተሻገሩ ወንጪ ቀረ ማለት ነው። አንተም ወደ ምግብ አዳራሹ ትመለሳለህ» አለኝ። አዳራሹ አያሳፍርም፤ ወንጪን ማጣት ግን ጨነቀኝ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ፈረስ የለም። እንግዶቹ «በእግራችን እንወርዳለን» አሉ፤ የምሳውን ቅርጫት ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ታች ታንኳዎቹ ዳር ወጥተው ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው የለም። ከእንሰቱ መሀል ካለ ግቢ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። የአንዱ ቀዛፊ እናት አርፈው ጠዋት ተቀብረዋል።

ኦቦ ቶለሳን ጥግ ይዤ ለመንኳቸው። «ኦቦ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይስጡኝ። ካልተሻገሩ ይዘጋብናል።»

«ይዘጋ» አሉኝ። «እናታችንን በቀበርንበት ቀን መቅዘፊያ እንድንይዝ ነው የምትፈልገው?»

አፋፉ ላይ የቀረው ሹፌር ወደ አምቦ ተመልሶ ለጓድ ግርማ እንዲነግረው አንድ ልጅ ላክሁ። ለእንግዶቹም በዚያች እንግሊዝኛዬ አስረዳኋቸው። ከመካከላቸው አንዲት ሽበታም ሐኪም «ወደ ቤቱ ብንሄድ ይከፋቸው ይሆን?» አለችኝ። ለቅሶ ለመድረስ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ! ይዣቸው ገባሁ። የጠረጴዛውን ልብስ ሣሩ ላይ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር የተጠበሰውን ዶሮ ቅርጫቱ ውስጥ ደበቅሁና ዳቦውንና ድንቹን ለለቀስተኛው ሰጠሁ። ጀርመኖቹም ከሰዉ ጋር ዳቦ ቆርሰው በሉ። ስለ ዶሮው የጠየቀኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ግርማ ቁልቁለቱን እየሮጠ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ልክ ልኬን ሊነግረኝ እንደሆነ ከሩቅ ገባኝ። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚቆጣ ሰው እኛ አገር የለም። በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እኔን አልፎ ወደ ሟቿ ልጅ ሄደ፣ «ዋቃዮ እሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዜር ያጥናችሁ» አለና ተቀመጠ። ገብቶ ወዲያው መነሣት ደግሞ ነውር ነው።

የሟች እህት እያነሳች እየጣለች ታለቅሳለች። እየቆየ የጓድ ግርማ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በመጨረሻ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ኦቦ ቶለሳ ከጎኑ ሄደው ተቀመጡ።

«ማንን ነው የምታለቅሰው፣ ልጄ?»

«ወንድሜን» አለ።

ታናሽ ወንድሙ ሰሜን ጦር ግንባር ሞቶ ኖሯል። መርዶውን ለእሱ ብቻ ሹክ ብለውት፣ እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ውጦት፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ ሥራ እየገባ ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያወራልን ከርሟል። እኔ ከጎኑ እየዋልኩ አላወቅሁም።

ኦቦ ቶለሳ የወንድሙን ስም ጠይቀው ለሰዉ በኦሮምኛ ነገሩ። የተቀመጠው ሁሉ እንደ አዲስ ተነሣ። የማያውቁትን ወታደር በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። የሟች ልጅም፣ የገዛ እናቱ ሐዘን ላይ ሳለ፣ ጓድ ግርማን አቅፎ ይዞት ነበር።

ጀርመኖቹ ሳይሻገሩ ሄዱ፤ የወንጪ ጉዞም ተዘጋ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሠራሁ። በዚያ ቀን ጉዳይ ጓድ ግርማ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ዛሬ እንግዳ ለምታስጎበኙ ልጆች የምላችሁ ይህን ነው፦ የምትሄዱበት መንደር ሐዘን ላይ ከሆነ ጉብኝቱን ሰርዙ፣ ለቅሶውን ድረሱ።