አጋዘኖች እንቅልፍ የሚያጡበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ከሰፈራችን መውጫ ላይ አንዲት ሴት አጋዘን ከዛፎቹ መሐል ብቅ ብላ በፊቴ ተሻገረች። መኪናዬን አቆምኩ። ካለፈች በኋላም አልተነሳሁም። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ወንዱ መጣ። አንገቱ አብጧል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ግራ ቀኙን አያይም። መብራቴን ከመጤፍ ሳይቆጥር ሴቷን ተከትሎ በሰው ጓሮ ገባ። ሰውየው ሁለተኛ ክላክስ አላደረገም።

በኅዳር መጀመሪያ ሴት አጋዘን ብቻዋን እንደማትሮጥ ያወቅኩት ሲልቨር ስፕሪንግ እኖር በነበረበት ጊዜ ነው። ያስተማረኝ ወንድሜ ግርማ ነው፤ እሱን ደግሞ ሚስተር ካርል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዕድሜዬ ገና ሃያዎቹን አላገባደደም። ከግርማ ጋር አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርትመንት ተከራይተን መኝታ ቤቱን ለእኔ ትቶ እሱ ሳሎን ያድር ነበር። ያድር ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል። ቀን ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሌሊት እኛው ሰፈር ነዳጅ ማደያ ካሸር ነው። ሚስቱ ሂሩትና ትንሿ ልጁ አዲስ አበባ ሆነው የቪዛ ፕሮሰሳቸውን ይጠብቃሉ። እነሱን ለማምጣት በቂ ገቢ ማሳየት ስለነበረበት አንዱንም ሥራ መልቀቅ አይችልም። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራ ስለነበር ሰው ማንሳትና መገልበጥ ወገቤን ፈጅቶታል፤ ቢሆንም ከእሱ ጋር ሲተያይ የእኔ ድካም ለወሬ አይበቃም ነበር። ምሳ እየበላ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስቀሰቅሰው “እየሰማሁሽ ነው” ይለኛል።

ሚስተር ካርል ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጎህ ሲቀድ ነዳጅ ማደያው ይመጡና ቡናቸውን ይዘው ከግርማ ጋር ያወራሉ። ወሬያቸው አደን ነው። አንድ ቀን የአጋዘን ቋሊማ አመጡለት፤ ሌላ ቀን ጭን አመጡለት። ግርማ ስጋው ስብ የለውም ብሎ ቅቤ ጨምሮ፣ ሮዝመሪ ጣል አድርጎ ጠበሰው። የቤታችን ሽታ ተለወጠ። ለእናታችን በስልክ ሲነግራት ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ሌላ ነው።

“ሰኮናው ስንጥቅ ነው?”

“ስንጥቅ ነው፣ እማዬ።”

“ያመሰኳል?”

“ያመሰኳል።”

“ማን በስመ አብ ብሎ አረደው ታዲያ?”

ግርማ ስልኩን ሲዘጋ “የሚቀጥለውን እኔው ራሴ አመጣዋለሁ” አለኝ። እንደዚያ ተጀመረ። ቀስት መሳቡን ሚስተር ካርል ጓሯቸው ውስጥ አለማመዱት፣ ፈቃዱን አወጣ፣ የበጋውን ትርፍ ሰዓት ሁሉ፣ ትርፍ ከተባለ፣ እዚያ ጨረሰው። ለምን እንቅልፍህን አትተኛበትም ስለው “እዚያ ስሆን ማንም አይጠራኝም” አለኝ።

የስሪያውን ወቅት እንግሊዝኛው “ራት” ይለዋል። መጀመሪያ ግርማ ሲነግረኝ እራታቸውን የሚበሉበት ሰዓት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ወንዶቹ በዚያ ሰሞን መብላትም መተኛትም ይተዋሉ፤ ቀንና ሌሊት ሴት ሲያባርሩ ጎናቸው ይገባል፣ አጥንታቸው ይወጣል። ሚስተር ካርል ምልክቱን ሁሉ ያውቁታል። መጀመሪያ ቅርፊታቸው በቀንድ የተላጠ ቀጫጭን ዛፎች ይታያሉ። ቀጥሎ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሥር በኮቴ የተጫረ መሬት ይገኛል፤ ሽንት ሽንት ይሸታል። ከዚያ ግልገሎች ብቻቸውን ሲንከራተቱ ካየህ እናቶቻቸው እየተባረሩ ነው ማለት ነው ይሉታል። ሙቀት በበዛበት ዓመት አዳኙ ሁሉ ዘንድሮ ዘገየ ይላል፤ እሳቸው አይቀበሉም። አይዘገይም፤ የሚያዘው የቀኑ ማጠር ነው፤ ሲሞቃቸው አንተ በማታያቸው ሰዓት ይሄዳሉ እንጂ ይላሉ።

ያን ዓመት ብርዱ በጊዜው መጣ። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ግርማ ከሌሊት ሥራው በቀጥታ ወደ ጫካ ሊሄድ ተነሳ። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ የሚስተር ካርል ወዳጅ እርሻ ነው። እኔ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል ብዬ ስለፈራሁ መኪናውን ልንዳልህ ብዬ አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እያስለፈለፍኩት ደረስን። ዳቦ ቆሎና በፔርሙስ ሻይ ይዤ ነበር። ሚስተር ካርል እርሻው በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ እኔን ሲያዩ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው “አንቺ ታች ሆነሽ ዝም ማለት ብቻ ነው ሥራሽ” አሉኝ። እሳቸው ጅረቱን ተሻግረው ሄዱ። ግርማ ዛፍ ላይ ወደታሰረች ትንሽ የብረት መቀመጫ ወጣ። እኔ ራቅ ብዬ የወደቀ ግንድ ላይ በሱ ካፖርት ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ።

ጫካው ሲነጋ ደስ ይላል። መጀመሪያ ግራጫ ነው፤ ቀስ እያለ የረገፈው ቅጠል መዳብ ይመስላል። ውርጩ ሲቀልጥ ከየቅርንጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። ሽኮኮዎቹ ቅጠሉን ሲያተራምሱ እያንዳንዱ አጋዘን ይመስል ነበር። ጸሐይዋ ሞቅ ስትል እኔም ዓይኔ ከበደኝ። ቀና ብዬ ግርማን አየሁት። ዛፉን ተደግፎ፣ ቀስቱ አጠገቡ ተሰቅሎ፣ አንገቱን ደፍቷል። የሚያየው ነገር ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፤ ተከትሎ ደግሞ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ።

ስደርስ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያያል። ከመውደቅ የሚያድነውን ቀበቶ ወገቡ ላይ ታጥቆታል፤ ከዛፉ ጋር ግን አላሰረውም።

“ሰኒ፣ ተኝቼ ነበር” አለኝ፣ እንደሚገርመው ሰው።

“እንዳትንቀሳቀስ። እግርህ ይሰማሃል?”

“ቀኙ በጣም ይሰማኛል።”

“ጣቶችህን አንቀሳቅስ። የሁለቱንም።”

አንቀሳቀሳቸው። መጦሪያው ውስጥ የወደቀ ሰው ከመሬት እንዳይነሳ ደጋግመው ነግረውናል፤ ስለዚህ ሊነሳ ሲሞክር ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ ከለከልኩት። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ያለኝ ድምፄ ብቻ ነበርና የሚስተር ካርልን ስም እየጠራሁ ጮህኩ። አደን ላይ ማንም አይጮህም፤ ስለዚህ አንዴ እንደሰሙ ነገሩ ገብቷቸዋል። ጅረቱን በእግራቸው አቋርጠው እስከ ጉልበታቸው ረጥበው መጡ። አንድ ጊዜ አይተውት ፊታቸው አመድ መሰለ። “አትልቀቂው” ብለውኝ ለእርዳታ ሊደውሉ ወደ እርሻው ቤት ሄዱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ።

ምን ያህል እንደጠበቅን አላውቅም። ካፖርቱን አልብሼዋለሁ፤ ይንቀጠቀጣል። እንዳይተኛ ስለ ሂሩት፣ ስለ ልጁ እጠይቀዋለሁ። ጥርሷ ወልቋል አሉኝ አለ። በዚህ መሐል ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና ሴት አጋዘን በሩጫ አለፈችን። ቀጥሎ ወንዱ። ትንፋሹ ሲያፏጭ እስኪሰማኝ ድረስ ቀረበ። ምላሱ ወጥቷል፣ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ሰው መሆናችንን፣ መውደቃችንን፣ መጮሄን፣ ምኑንም አላወቀም። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ አለፈ።

ግርማ ጭንቅላቱን እንደያዝኩት ዓይኑን ብቻ አዙሮ ተከተለው።

“ቀስቴ የት ነው ያለው?” አለ።

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱም ሊስቅ ሲል ሕመሙ ቆረጠው።

ዳሌውና ጭኑ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሐኪሞቹ ዕድለኛ ነው አሉ። እሱ ግን ተኛ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚነቃው ለመድኃኒትና ለምግብ ብቻ ነበር፤ አልጋው ጥግ ሆኜ ሳየው ፊቱ በዕድሜ ወደ ኋላ የሄደ ይመስል ነበር። በደንብ ሲነቃ ያለኝ “ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም” ነው። ቅር ያለው ሰው አይመስልም ነበር። ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ የለም፤ የሂሩት ፕሮሰስ ደግሞ ይሄዳል። ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ይውላል።

ሚስተር ካርል በየቀኑ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው “ስለ አጋዘን እንቅልፍ ስነግረው ከርሜ የእሱን ጠይቄው አላውቅም” አሉኝ። ወዲያው ለግርማ “ለሚስትህ የገቢ ዋስ ሆኖ አብሮህ የሚፈርም ሰው ይፈቀዳል አሉ። ቤቴ የራሴ ነው፣ ጡረታዬም አይቋረጥም። እኔ እፈርማለሁ” አሉት። ግርማ እምቢ ሊል ሞከረ። “አልጠየቅኩህም” አሉት።

ሂሩት የመጣችው በሚቀጥለው ዓመት፣ ዛፎቹ ሲያብቡ ነው። ግርማ ኤርፖርት የቆመው በምርኩዝ ነበር። ልጅቷ ምርኩዙን ፈርታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች፤ ሚስተር ካርል ኮፍያቸውን ሰጥተው አስወጧት።

ዛሬ ስፕሪንግፊልድ ይኖራሉ። ሚስተር ካርል ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ግርማ እያነከሰ ሬሳቸውን ተሸክሟል። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እግሩን ሲጠይቁት ከዛፍ ወደቅኩ ይላል፤ የሚቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ወደ ነዳጅ ማደያው አልተመለሰም። አንድ ሥራ ይዞ ልጁን ኮሌጅ አስገባ።

እኔ ነኝ ሳይታወቀኝ እሱ የነበረበት ቦታ የደረስኩት። ነርስ ከሆንኩ በኋላም ለልጆቼ እያልኩ ቅዳሜና እሑድን ሌላ ቦታ እሠራለሁ፤ እንዴት ነሽ ለሚለኝ ሁሉ ደህና እላለሁ፤ እዚህ አገር ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንመልሰው። ትናንት ለቅዳሜና እሑዱ ሥራዬ ደውዬ ከእንግዲህ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። ሱፐርቫይዘሯ የተሻለ አግኝተሽ ነው ወይ አለችኝ። አይ፣ ደክሞኛል አልኳት። ሌላ ምክንያት የምጨምር መስሏት ትንሽ ጠበቀች። ደህና ዋይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።