«ፍቱት» የሚል ጠፋ

ስለ እትዬ ደግነት ሌሎች ያውሩ። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

እትዬ የምንላቸው አክስቴ አዳማ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ነርስ ነበሩ። አራስ ሊጠይቁ ሲገቡ ከምርቃቱ በፊት እጃቸውን ይታጠቡና የተጠቀለለውን ሕፃን «ፍቱት» ይላሉ። ወንድ ከሆነ የሽንት ቀዳዳው በቦታው መሆኑን፣ የዘር ፍሬዎቹም መውረዳቸውን ያያሉ። አማት ትቆጣለች፣ እናት ታፍራለች። እሳቸው ጉዳያቸውም አይደል። ጉድለት ካገኙ «እንዳትገርዙት! ሐኪም ይየው፣ ጤና ጣቢያውም ይመዝግበው» ይላሉ።

ስለዚህ ጉድለት አንዱ «ድሮም ያለ ነው»፣ ሌላው «ሽንኩርቱ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ነው ያበዛው» ሲል ሁለቱንም ይቆጡ ነበር። «በየዓመቱ ሳትቆጥሩ በዛ፣ ቀነሰ የምትሉት ከየት አምጥታችሁ ነው?»

እሳቸው ባረፉ በጥቂት ወራት፣ ዓለም ጤና ከተማ የሚኖረው ወንድሜ ወንድ ልጅ ወለደ። እልል አልን። «ፍቱት» የሚል ግን አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ አስገረዙት። በኋላ ሽንቱ ወደ ታች ሲፈስ አይተን አዳማ ስንወስደው ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ቆዳ ደግሞ ተቆርጦ ተጥሏል።

የተወለደበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡ «ጤነኛ» ይላል። አርሙት ብላቸው ባለሙያዋ «አንድ ልጅ ምን ይለውጣል?» አለችኝ። ወንድሜም «ለሰው እንዳታወሪ» አለኝ።

በእትዬ ሙት ዓመት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ምን የመሰሉ ሰው ነበሩ!» እያለ አለቀሰ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ነበር፤ ማንም እንዳያይበት በድርብ ጋቢ ተጠቅልሎ።