ቦርሳዬ ውስጥ የገባው የሰዒድ መኪና

ከኮሶዬ የወጣሁ ቀን ደጃፌ ላይ የነበሩት ወንድሜ አለሙ፣ ሚስቱ ጥሩዬ፣ የንስሐ አባቴ፣ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ፣ አያ ደሴ እና የአያ ደሴ በቅሎ ናቸው። በቅሎዋን የምቆጥራት ለቀልድ አይደለም። ዕቃዬን እስከ አስፋልቱ ታደርስልኛለች ብዬ ያስጠራኋት እኔ ነኝ፤ ሳትጫን የመለሳት ወንድሜ ነው።

ልጄ ብርቱካን ገዳሪፍ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ባሏ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። አረገዘችና መውለጃዋ ቀረበ፣ የመጀመሪያዋ ነው። ሄጄ አርሼያት፣ ሦስት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ አልኩ። ለሦስት ወር ብዬ የሰበሰብኩት ግን አልጋውን ሞልቶ ወለል ላይ ወርዶ ነበር፤ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ተልባ፣ ሁለት ጋቢ፣ ድስት፣ የገንፎ ማማሰያ ሳይቀር። ሱዳን ማማሰያ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?

አለሙ ደባርቅ ላይ ለቱሪስት በቅሎ የሚነዳ ነው። አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን የጀርባ ቦርሳ ይዞልኝ መጣ፣ የወገብ ቀበቶ ያለው፣ ደረት ላይ የሚቆለፍ። ዕቃዬን አይቶ ራሱን ያዘ።

«እታለም፣ የሚያሻግርሽ ደላላ ያለውን ሰምተሻል። መኪና አያልፍም፣ ከመተማ ወዲያ በእግር ነው። የምትይዢውን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ የቱን ልተው?»

«ፈረንጆቹ መጀመሪያ ሁሉን ዘርግተው ያያሉ፣ ከዚያ ግማሹን ይመልሱታል። አንዱማ የጥርስ ብሩሹን እጀታ በቢላ ቆርጦ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምነው? ምን አረገው?»

«ከበደኝ ብሎ።»

አያ ደሴ ከደጅ ሰምቶ ኖሮ፣ «ድንኳኑን የኔ በቅሎ ተሸክማለት የብሩሽ እጀታ ከበደው?» አለ። የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ ሳቁ።

እንደ ፈረንጆቹ አደረግን። ድስቱ ተመለሰ፣ ማማሰያው ተመለሰ፣ አንዱ ጋቢ ተመለሰ። እኔ ወደ ቦርሳው ሳስገባ ጥሩዬ ታወጣለች። ከባዱ ነገር መሐል ላይ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል አለና አለሙ ዱቄቱን እዚያ አስገባው። ቅቤ በትንሽ ጠርሙስ፣ በርበሬ በቋጠሮ፣ አንድ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ለእትብቱ ደግሞ ያልተከፈተ ምላጭ ያዝኩ። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን እምነት በወረቀት፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ምጥ ሲጀምራት በውኃ ለውሼ ሆዷን እንድቀባት።

«ይህስ ይከብዳል?» አሉት አለሙን።

«የለም አባ፣ ይህ አይመዘንም።»

ሰዒድን ያገኘሁት ገንዳ ውኃ ከተማ ነው፣ አብረውኝ ከሚሻገሩት አንዱ ሆኖ። ከጭልጋ ወገን የሆነ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ ገዳሪፍ ሠርቶ ስለነበር ዓረብኛ ያውቃል። ትከሻው ላይ በሻርፕ የታሰረ ነገር አየሁ፣ የስፌት መኪና ራስ ነው፣ ድፍን ብረት። እኔ ማማሰያ እንኳ ከበደኝ ብዬ የመጣሁ ሰው ደነገጥኩ።

«ምነው ወንድሜ፣ ይህን ተሸክመህ ልትሄድ ነው?»

«እትዬ ውዴ፣ እግሩንና ጠረጴዛውን እኮ ትቼዋለሁ። ቀላል ይዘህ ና ስለተባልኩ ነው።»

በሙቀቱ ስንሄድ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፈ። ኮሶዬ በሐምሌ እሳት አጠገብ ተቀምጬ የሚበርደኝ ሴት ነኝ፣ እዚያ ግን ነጠላዬ ከራሴ ላይ ተጣበቀ። እሱ የራሱን ሸክም ትቶ የኔን ቦርሳ ማንገቻ ያስተካክል ነበር።

ድንበሩን አልፈን ስንሄድ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ደላላችን አስቀድሞ፣ እኔን እንዳታውቁኝ ብሎ መሐላችን ገብቶ እንደ ተሻጋሪ ቆሟል። አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው ቦርሳዬን ፈታው። ዱቄቱ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ አወጣ። ከዚያ ፌስታሏን አገኛት።

«ዳ ሽኑ?»

«ምንድን ነው እያለሽ ነው» አለኝ ሰዒድ።

«እምነት ነው።»

ሰዒድ ነገረው። እኔ የሰማሁት «ኢማን» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰውየው ፌስታሏን አየ፣ እኔን አየ፣ ተቆጣ።

«ሃይማኖትሽን አልጠየቅሁሽም፣ ይህን ዱቄት ነው ይልሻል።»

«እኮ! ዱቄቱ ነው እምነት።»

«ምን ያደርጋል ይላል።»

«ይቀቡታል፣ በውኃ በጥብጠውም ይጠጡታል።»

ምነው ይህን ባላልኩ ኖሮ። ሰውየው ዕፅ መስሎት ጓደኛውን ጠራ። ሰዒድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ አመድ ነው ልበለውና እንለፍ?» አለኝ።

«ተው፣ እንዴት አመድ ይባላል! ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው!»

አመድ ነው ቢላቸው አልሰማው፣ ቋንቋውን አላውቅ። አላለም። ጣቱን በምራቁ አርሶ ፌስታሏ ውስጥ ነከረና በአፉ አደረገው፣ ዋጠውም። እስላም ሰው ነው። ከዚያ ይኼው፣ ምንም አልሆንኩም ለማለት እጆቹን ዘረጋላቸው።

ሁለተኛው ሰው ሳቀ። የመጀመሪያው ግን አልሳቀም። የተናገረውን ሰዒድ ራሱ ነው የተረጎመልኝ፤ «አንተ ሁሉንም የምታውቅ፣ የምትመልስላቸውም አንተ፤ አሻጋሪያቸው አንተ ነህ ይለኛል።»

ደላላው ከኋላዬ ቆሞ ጫማውን ያያል። ከኛ አንድ ሰው ወደ እሱ ጣቱን አልቀሰረም። እኔም አልቀሰርኩም። ቋንቋ ስለሌለኝ ነው እላለሁ፣ ግን ጣት ቋንቋ አይፈልግም።

እኛን ልቀቁ ተባለ፣ እሱ አለቃቸው እስኪመጣ ይቆይ ተባለ። እምነቱን መለሱልኝ፣ አንድ ቁንጥር ጎድሎ።

«እደርስባችኋለሁ» አለኝ ሰዒድ። «መኪናዬን ብቻ ያዢልኝ። እዚህ አብራኝ ከዋለች የኔ አትሆንም።»

ቦርሳዬ ዱቄትና ብረት አንድ ላይ አይችልም፣ እኔም አልችልም። ግራር ሥር ተንበርክኬ የልጄን የገንፎ ዱቄት ደፋሁትና መኪናውን መሐል ላይ፣ ጀርባዬ ጋ አስጠግቼ፣ አለሙ እንዳሳየኝ አስገባሁት። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እያየሁ ሄድኩ። አልደረሰብንም።

ገዳሪፍ ስገባ ብርቱካን ሆዷ ገፍቶ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ነበርና ቤት ፍለጋ ጀመርን። ያገኘነው አከራይ ጺሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነው። ልጄ አስተረጎመችልኝ።

«ዕቃችሁ የት አለ?»

ቦርሳዬን አሳየሁት።

«ይህ የአዳሪ ዕቃ ነው፣ የነዋሪ አይደለም። ዛሬ ገብታችሁ ነገ ለምትወጡ ሰዎች ቤቴን አላከራይም።»

«ቀላል ይዘሽ ውጪ ተብዬ ነው በይው» አልኳት።

«እንግዲያው ቀላል ይዛ ትመለስ» አለ።

ይህን ሲል ብርቱካን ቦርሳውን ልታነሣ ስትል ከበዳትና ከፈተችው። ሽማግሌው መኪናውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሐያጣ? ልብስ ሰፊ ነሽ?»

ብርቱካን አየችኝ። አዎ አልኩ። ብረት ተሸክማ የመጣች ሴት ቶሎ አትሄድም ብሎ ቁልፉን ሰጠን። በሦስተኛው ቀን ጀለቢያውን አሳጥሪልኝ ብሎ አመጣ። መኪናው እግር የለው፣ እኔም እንኳን በመኪና መስፋት ክር ማስገባት አላውቅበት። በሬን ዘግቼ በእጄ ሰፋሁለት። ሸጋ ነው አለ፣ ሁለተኛውን አመጣ። እስከ ዛሬ በዚያው እንኖራለን፣ እስከ ዛሬም በሬን ዘግቼ በእጄ ነው የምሰፋለት።

ብርቱካን በደኅና ወለደች። እምነቱን በውኃ ለውሼ ቀባኋት። ገንፎውን ከዚሁ አገር ማሽላ አገነፋሁላት። አንድ ጊዜ ጎርሳ፣ «እማ፣ ይህ የኛ ገንፎ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ግን አልጨረሰችውም። እዚህ ኪስራ የሚሉት እንጀራ የሚመስል ነገር አለ፣ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። ልጁ እሱን እየበላ አደገ። በዓረብኛ ይቆጣኛል። ሦስት ወር ያልኩት አራት ዓመት ሆነ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲሉኝ ደግሞ ተዘጋ። ጉም የሚባል ነገር ለልጁ ላስረዳው ብዬ አቃተኝ፣ ጭስ ነው ወይ ይለኛል።

ብርቱካን መኪናውን እግር ገዝተን እንሥራበት ትላለች። የኛ አይደለም እላታለሁ። ዘይት እቀባዋለሁ፣ ሻርፑን አጥቤ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹን ሁሉ ጠይቄያለሁ፣ ሰዒድ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ደላላውን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። «የቱ ሰዒድ?» አለኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በጭልጋ በኩል ያላችሁም፣ በዚህ መንገድ የተሻገራችሁም፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ረዥም፣ የግራ ጠቋሚ ጣቱን መርፌ ወግቶት ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ብረት ተሸክሞ የሚቀልድ። ወደ አገሩ ተመልሶ እንደሆነ ወንድሜን አለሙን ኮሶዬ መንገድ ዳር ቢጠይቅ ያገኘዋል። እኔ በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው የምፈልገው። መኪናው ደኅና ነው። ሰዒድን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።