ስታመን የቆረጣቸው ድምፆች

ጎረቤቴ ስታመን ከራዲዮ ድምፅ ቀጂነቱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ትንሽ የፊልም ካሜራ ገዛና የቡልጋሪያዋን ተራራማ ከተማችንን የስሞሊያንን ራዲዮና የዘፋኞቿን ታሪክ ካልቀረጽኩ ብሎ ተነሣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እቤቱ ውስጥ የሚያወራው ራዲዮው ብቻ ነበር።

"ማን ሊያይልህ?" ስለው፣

"አንተ ታያለህ። ሌላ ምን ሥራ አለህ?" ይለኛል።

እውነቱን ነው፤ ሥራ የለኝም። የካሜራው እግር ተሸካሚ ሆንኩ።

በየመንደሩ እየዞርን ዘፋኙንም፣ ጋይዳ የሚባለውን የአቁማዳ ዋሽንት ነፊውንም ቀረጽን። የእማማ ሚንካን ቤት ግን ሁልጊዜ ያልፈዋል። አንድ ቀን አፋጥጬ ያዝኩትና ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረውን አወጣ። ከአርባ ዓመት በፊት ሚንካ ስቱዲዮ መጥታ፣ ባሏ ቪቾ በጋይዳ እያጀባት አንድ ዘፈን ዘፍና ነበር። ሁለቴ ተላለፈ። ከዚያ ባዶ ቴፕ ሲያጥር አለቆቹ አሮጌው ይጥፋ አሉ፤ ስታመን በገዛ እጁ አጠፋው። ሚንካ ስሟን የወረሰችው ቅዱስ በዓል በደረሰ ቁጥር ዘፈኔን አሰሙልኝ ብላ ለራዲዮው ትጽፍ ነበር፤ እሱ ደግሞ "ተራዎን ይጠብቁ" ብሎ ይመልስ ነበር።

"ሳትሞትብህ ንገራት" አልኩት።

እሑድ ሄድን። የግቢዋ በር ላይ እንደ አገሩ ልማድ የቪቾ የሙት ዓመት ወረቀት ከነፎቶው ተለጥፏል፤ አሥራ አንደኛ ዓመቱ ነው። ትኩስ የድንች ቂጣ አቀረበችልን። ስታመን አልነካውም።

"እማማ ሚንካ፣ ዘፈኑ የለም። አጥፍቼ የድንች ምርት ዜና ቀዳሁበት።"

ቀና ብላ አየችው። "አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቂ ስትለኝ የነበረው ድንቹን ነው?"

ልጅ የተባለው የሰባ ዓመት ሽማግሌ አንገቱን ደፋ።

በዚያ ዘመን ስታመን ቴፕ ሲያሰናዳ ሳሉንም ወሬውንም በምላጭ ቆርጦ ያወጣ ነበር። ቁርጥራጩን መጣል ስለማይሆንለት እየቀጣጠለ አንድ ጥቅል ላይ አኑሮታል። ከሚንካ ቀረጻ የተረፈውም እዚያ ላይ ያለው ብቻ ነው። ጥቅሉን ይዞት በመጣው አሮጌ ማጫወቻ ላይ ሰክቶ ከፈተ። ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ የወጣት ሴት ድምፅ "ልጀምር?" አለ። ከኋላዋ አንድ ወንድ ከት ብሎ ሳቀና፣ "ጀምሪ እንጂ፣ አንቺ ፈሪ!" አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

እማማ ሚንካ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ቪቾ" አለች። "ድገመው።"

ደገመው። ሦስቴ፣ አራቴ። ስታመን "ዘፈኑ ግን..." ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው።

"ዘፈኑን ተወው! እሱን እኔው አውቀዋለሁ። ድገመው አልኩህ እኮ!"

ማጫወቻውን ከነጥቅሉ ትተንላት ወጣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስታመን ቆም አለ።

"የእኔ ሥራ ዝም ማለት ነበር" አለኝ። "ሰው ሲቀዳ ትንፋሼን እንኳ እይዛለሁ። ብትፈልግ ብትፈልግ የእኔን ድምፅ አንድም ቴፕ ላይ አታገኝም። ብታገኝስ፣ ማን ድገመው ይልሃል?"

ይህን ሲናገር ካሜራው ተዘግቶ ሻንጣው ውስጥ ነበር።