ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ቀሚስ

የሕፃናት መጫወቻ የሚባለውን ቦታ ከዘንድሮ ኢድ በፊት በውጭ በኩል ብቻ ነበር የማውቀው። ከአጥሩ በላይ ቀይና ቢጫ ላስቲክ ይታያል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ እኔም አልፌ እሄዳለሁ። እንዲሁ እንዳለፍኩ በቀረሁ።

እኛ ክርስቲያን ነን። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፣ የጀጎል ልጅ። ለኢድ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደሆነው ማኪና ግርግር ወርዳ ለልጇ ቀሚስ ስታሰፋ ከዚያው ጣቃ ለልጅ ልጄም ታስቆርጣለች። እኛም ለፋሲካ እንዲሁ እናደርጋለን። ልጆቹ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ስድስት ዓመታቸው።

የኢድ ለት የጎረቤታችን ቤት በእንግዳ ሞላ። «አባባ፣ እስካስተናግድ ሁለቱን መጫወቻ ይውሰዱልኝ፤ አደራ» አለችኝ።

«አደራ የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነው» ብዬ ተቆጣኋት። ልጇን ስንት ዓመት ለምና እንዳገኘቻት አውቃለሁ፤ ሌላ የላትም።

ቀሚሱ ብርቱካናማ ነው፣ ነጭ አበባ ያለበት። በልቤ ደስ አለኝ፤ በዚህ ቀለም እንኳን ሰው ፍየልም አይጠፋ።

በሩን አልፌ ስገባ ግን ግቢው በሙሉ ብርቱካናማ ነው። ለካ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ የዘንድሮን ጨርቅ ያነሱት ከአንድ ነጋዴ ኖሯል።

ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ልጆቹ እየጎተቱኝ ገባሁ። መሬቱ በፈሰሰ ለስላሳ ተለውሶ ጫማዬን ይይዘኛል። የቺፕስ ዘይቱ ከጠዋት ጀምሮ ያው ነው መሰለኝ፣ ጠቁሮ ይጨሳል። የሕፃን ሽንት ጨርቅ እንደተጠቀለለ አግዳሚ ወንበር ሥር ተወርውሯል። አባቶቹ የጫቱን ገረባ ከምረው ይቅማሉ፣ እናቶቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ኳስ የሞላበት ገንዳ አለ፤ አንዱ ሕፃን ኳሱን ልሶ ሲጥለው ሌላው አንስቶ ይልሰዋል። ይህንን ነው መዝናናት የሚሉት።

የእኔዎቹ የፈለጉት በአየር የተነፋውን የላስቲክ ቤት ነው። በሩ ላይ ጫማ እንደ ጉድ ተከምሯል፤ የካልሲው ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። ቲኬት ቆራጩ አስገባቸው። ቆይቶ ፊሽካ ሲነፋ ልጆቹ ተግተልትለው ወጡ። እኔም የልጅ ልጄን በአንድ እጄ፣ ሌላዋን ብርቱካናማ በሌላው እጄ አፈፍ አድርጌ ወደ መውጫው ገሰገስኩ። በሩ ጋ ስንደርስ የልጅ ልጄ ቀና ብላ፣

«አባባ፣ ይቺን አላውቃትም» አለችኝ።

ዞሬ አየሁ። እውነትም የሰው ልጅ ናት፤ ከረሜላዋን እየመጠጠች ዝም ብላ ትከተለኛለች። ወዲያው አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«አንተ ሽማግሌ! ልጄን ወዴት ነው?»

«ቀሚሷ አሳስቶኝ ነው።»

«ቀሚሷማ የአገሩ ቀሚስ ነው! ዓይንህን አትገልጥም?»

እውነቷን ነው፤ የልጇን እጅ ለቀቅኩላት። የልጅ ልጄን እየጎተትኩ ተመለስኩ። የጎረቤቴን ልጅ ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ፣ ማጉያው ድምፄን ዋጠው። ቲኬት ቆራጩን ዘፈኑን አቁመህ በስሟ አስጠራልኝ አልኩት።

«ምን ለብሳለች አባባ?»

«ብርቱካናማ።»

ግቢውን ቃኘና ሳቀ። «ታዲያ ምን ቸገረዎት? አንዷን ይዘው ይሂዱ!»

በሰው ልጅ የሚሳቅበት ቦታ! ቀጣዩን ዙር ልጆች አስገብቶ ነበር፤ እሷም መሀላቸው ትኖር ይሆናል አልኩ። «በቃ፣ ይውጡና ልያቸው» ብዬ ብጠይቀው «ሰዓታቸው አልሞላም» አለኝ። ከላስቲኩ ቤት ኋላ ሄድኩ። አየር የሚነፋው ማሽን እዚያ ያጓራል። ሶኬቱን ነቀልኩት።

ቤቱ ቀስ እያለ ተኮማተረ፣ ልክ እንደተበሳ ጨጓራ። እናቶቹ ያን ጊዜ ከስልካቸው ቀና አሉ። «ልጆቻችንን ፈጀ!» ይላሉ። ቲኬት ቆራጩ ኮሌታዬን ያዘ፣ እኔ በሩን አልለቀቅኩም። ልጆቹ እየዳሁ ሲወጡ አገጫቸውን ቀና እያደረግኩ ፊት ፊታቸውን አየሁ። የስንቱን ንፍጥ በእጄ ነካሁ። ወደ መጨረሻው እሷ ወጣች፣ ላብ በላብ ሆና። ለካ ፊሽካው ሲነፋ ጥግ ተደብቃ ቀርታ ኖሯል።

«አባባ፣ ሲወድቅ ደስ ይላል! ድገመው!» አለችኝ።

ሁለቱንም አንጓቸው ላይ አጥብቄ ይዤ ወጣሁ። እስከ ሰፈር «አመመን» እያሉ አለቀሱ፤ አልለቀቅኳቸውም።

እናቷ በር ላይ ተቀበለችን። መደበቅ አላውቅም። «ልጅሽን ጥያት ነበር። የሰው ልጅ ይዤ ልመጣልሽ ነበር። ሁለተኛ እንዳትሰጪኝ» አልኳት።

ከውስጥ እንግዶቹ ይጠሯታል። ጎንበስ ብላ የልጇን ላብ በነጠላዋ ጠረገች፣ የልጅቷን እጅ መልሳ እጄ ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ገባች።