የጠፈር መርከቧን የሚነዱት ሰው

በአውሮፓውያኑ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሙርዋይክ በሚባል የሆላንድ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። እኔ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ ካለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ እጄ አንሶላ ያነጥፋል፣ ሐሳቤ ግን ድርሰት ላይ ነው። ያኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ትራም ቆሜ መጠበቅ ሲያቅተኝ ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄድና መሐል መንገድ ላይ ትራሙ ጥሎኝ ያልፋል።

አምስተርዳም ያሉ ተማሪዎች ለሚያባዟት መጽሔት አንድ የወደፊት ዘመን ታሪክ ጻፍኩ። ሕዝባችን ምድርን ለቆ በጠፈር መርከብ ይጓዛል። መርከቧን የሚነዱት ወንድም ሴትም ያልሆኑ አዛውንት ናቸው። መርከቧ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እንደ ደንቡ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ይቆማሉ። እኚህን ሰው ሁለቱም ወገን «እዚህ አይደለም» ይላቸዋል። በመጨረሻ በሩን ከፍተው ወደ ጨለማው ይወጣሉ። ጽፌ ስጨርስ ራሴው አለቀስኩ፤ ምን ያህል እንደኮራሁ አልደብቅም።

ጓደኛዬ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። የአማርኛ ታይፕ ተውሰን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የማባዣውን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ይመታልኝ ጀመር። ከሰዓት አምስተርዳም ማድረስ አለብኝና ከወጥ ቤት መስኮት፣ ከመስኮት ወጥ ቤት እመላለሳለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ኳኳታው ቆመ።

«ለምን ገደልካቸው?» አለኝ።

«ታዲያ የት ይቁሙ? እውነት እንዲመስል ነዋ!»

«መርከቧን የሠራሃት አንተ። መቆሚያ የምታህል ቦታ አጣህላቸው?»

«ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፤ ባክህ ምታልኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

እጁን ከታይፑ አነሳ። «እኔም እንደሳቸው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን ያህል ጊዜ አብረን ስንኖር አላየህም?»

እውነቱን ለመናገር፣ አይቻለሁ። እሁድ እሁድ ቅዳሴው ሳያልቅ ከወንዶቹ መሐል ሹልክ ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። እኚያን ሰው የቀዳሁትም ከሱ ነው። አፈርኩ፤ እፍረቴ ግን ወዲያው ንዴት ሆነ። የመጨረሻውን ገጽ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ መታሁትና ወደ ባቡሩ ሮጥኩ።

መጽሔቷ ስትወጣ ተማሪዎቹ እዚያው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር አንድ ቤት ተሰብስበው አነበቧት። «አጨራረሱ አንጀት ይበላል» አሉኝ፤ ደስም አለኝ። ቤት ስመለስ ጓደኛዬ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ሮተርዳም ገብቷል ሲሉ ሰማሁ።

ፍለጋ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በሦስተኛው ወደቡ አጠገብ ካለ ካፌ አገኘሁት፤ ከወንድ ካፖርቱ ሥር ረጅም ቀሚስ ለብሷል፤ ፊቱም እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም። እዚያው እንደቆምኩ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ታሪኩን እንደገና መጻፍ እንደምፈልግም ነገርኩት።

«አንተ ብትሆን እንዴት ትጨርሰው ነበር?» አልኩት።

«በሕይወት አቆያቸው ነበር» አለኝ። «የት እንደሚቆሙ ምእመናኑ ይጨነቁበት። እሳቸው መርከብ መንዳት አለባቸው።»